ባለተራዋ ትቅመስ

በአርባ ጋን ሰፈር ጠዋት ውሃ መጠጣት የፈለገ ሰው መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ይሰለፋል።

ሰልፉ ከእድሩ አዳራሽ ደጃፍ ይጀምርና በቧንቧው ግንብ ዞሮ እስከ ወንዙ አጥር ይደርሳል። ከፊት የሳምንቱ ባለተራ ትቆማለች። ከጋኑ ስልጆ እየጨለፈች፣ በቁራሽ እንጀራ እየጠቀለለች፣ "በሞቴ" እያለች ታጎርሳለች። የጎረሰው ይውጣል፤ አፉን ከፍቶ ለሲስተር ቃልኪዳን ያሳያል፤ ከወንዙ የተቀዳ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይቀበላል፤ እዚያው ጠጥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ተማሪውም፣ ሙሽራውም፣ ለቀስተኛውም እንዲሁ ነው። ጉርሻ ድሮ የፍቅር ነበር ይባላል። አሁን ደንብ ነው፤ ፍቅር ካለበትም እሰየው።

ሌላ ውሃ የለም። የቆዳ ፋብሪካዎቹና የአበባ እርሻዎቹ ከተዘጉ ቆይተዋል፤ ባለቤቶቹ የት እንደገቡ የሚያውቅ ሰው ራሱ ሞቷል። ዝቃጩ ግን አልሄደም። ወንዙ ሲያዩት ኩልል ያለ ነው፤ ክፋቱም እሱ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰው ይህን ኩልል ያለ ውሃ እየጠጣ ድዱ ጠቆረ፣ ኩላሊቱ ደከመ፣ ልጅ ወልዶ ልጁ ሳያለቅስ ቀረ። ከዚያ ነው አንድ ነገር የታወቀው፦ በወንዙ ውሃ ስልጆ እያቦኩ የሚበሉ ጥቂት ቤቶች ደህና ናቸው። ስልጆው ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ከመርዙ ጋር አብረው ኖረው ለምደውታል። ግማሹን ይበሉታል፤ ግማሹን አቅፈው ይዘውት ከሰው ሆድ ይወጣሉ። ሰፈርተኛው "ትንንሾቹ" ይላቸዋል፤ "ትንንሾቹ እንዴት አደሩ?" ብሎ ነው ባለተራን ሰላም የሚላት።

የማንም ስልጆ አይሆንም ታዲያ። የዚያ ጋን ስልጆ መሆን አለበት። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው አርባ ጋኖች ስለነበሩት ነው፤ አንዱ ተሰነጠቀ፣ አንዱ ሻገተ፣ አንዱን ጎርፍ ወሰደው እየተባለ ዛሬ የቀረው አንድ ነው። ይህ አንድ ጋን በየሳምንቱ በባለጎማ ጋሪ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ባለተራዋ የባቄላ ዱቄትና የሱፍ ውሃ ትመግበዋለች፣ ብርድ ሲሆን ጋቢ ታለብሰዋለች፣ ጆሮዋን ሆዱ ላይ ለጥፋ ታዳምጠዋለች። ደህና ከሆነ ውስጡ ቡልቅ ቡልቅ ይላል።

የእድሩ ደንብ ብዙ ነው፤ ሰው የሚፈራው ግን ሁለቱን ነው። አንደኛው፣ ጋን አይታጠብም፣ እሳትም አይቀርበውም። ሁለተኛው፣ ባለተራዋ ከነቤተሰቧ ሰው ሁሉ እያያት ቀድማ ትጎርሳለች፣ ቀድማም ትጠጣለች። ድሮ ጠጅ አሳላፊ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነበር ለእንግዳ የሚያቀርበው፤ ከዚያ የመጣ ነው ይላሉ። ጋኑን አበላሽቶ ለጎረቤት የሚያጎርስ ቢኖር መጀመሪያ የራሱን ልጅ ያጉርስ ነው ነገሩ።

በዚያ ሳምንት ተራው የፈትለወርቅ ነበር።

ፈትለወርቅ የወንዙን ዝቃጭ ለሚጠርጉት ጀልባዎች ጆንያ የምትሰፋ፣ እጇ ፈጣን፣ አፏም የማያንስ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ያለቻት ልጇ ምንታምር ብቻ ናት። ምንታምር ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ባሏ ጀልባ ላይ ስለሆነ ልትወልድ እናቷ ቤት ገብታለች። እርግዝናው ባልከፋ፤ ሽታው ነው ያስቸገራት። ሰናፍጩ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ያ ስንት ዘመን ሳይታጠብ የኖረ ጋን... ገና ክዳኑ ሲነሳ ፊቷ ይገረጣል። እንደምንም ትውጣለች፣ ትጠጣለች፣ ከዚያ ግንቡ ጀርባ ሮጣ ሁሉንም ታወጣዋለች። ሁሉንም ግን አይደለም። ከውሃው የተወሰነው ይቀራል፤ ትንንሾቹ ግን አይቀሩም።

ሲስተር ቃልኪዳን በየጊዜው ምላሷ ላይ የምታስነካት ወረቀት አረንጓዴ መሆን ትቶ ቢጫ ሆነ። ቢጫ ማስጠንቀቂያ ነው። ቡኒ ከሆነ ላይኛው ካምፕ ነው፤ ቦቴ ባመጣው ቀን ውሃ የሚጠጣበት፣ ሰው ድንኳን ውስጥ ተራ የሚጠብቅበት፣ የተወሰደ ሰው የማይመለስበት። ነፍሰ ጡር ሆና ቡኒ ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የአመለወርቅ ልጅ አርግዛ ሳለች አንድ ቀን ጉርሻዋን በጉንጯ ደብቃ፣ ውሃዋን ብቻ ጠጥታ ጉርሻውን ተፋችው፤ አንድ ቀን ብቻ። የወለደችው ልጅ ዛሬ ትልቅ ነው፤ ሲጠሩት አይሰማም፣ ሲቆነጥጡትም አያለቅስም።

ፈትለወርቅ እንቅልፍ አጣች። ልጅቷን ስትለምናት፣ ስትቆጣት፣ አፍንጫዋን ስትይዝላት ሰነበተች። "አንቺ ልጅ፣ ለእኔ ብለሽ አይደለም፣ ለሆድሽ ብለሽ!" ትላለች። ምንታምርም እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ "እማዬ፣ ሽታው እኮ ነው፤ ሽታው ባይኖር እበላው ነበር" ትላለች።

ሽታው ባይኖር። ይኼ ቃል ፈትለወርቅ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ።

ሐሙስ ዕለት፣ ጠዋት አጉርሳ ከተመለሰች በኋላ፣ ጋኑን ማጀት አስገብታ ቁጭ ብላ አየችው። እናቷ የጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል አሽታ፣ በፈላ ውሃ አለቅልቃ፣ በወይራ ስታጥን ነው ያደገችው። የታጠነ ጋን ጠላ ገድሎ ያውቃል? አያውቅም፤ እንዲያውም ያሳምረዋል። የወተት ቅልስ የሚታጠነው በምንድን ነው? ደንቡን ያወጡት ደግሞ እነማን ናቸው? ማጀት ገብተው የማያውቁ ወንዶች! ስልጆው ራሱ ካልተነካ፣ ጋኑ ብቻ ቢታጠብ ምን ይሆናል? እንዲህ እንዲህ እያለች ራሷን አሳመነች። ሰው ለልጁ ሲል ራሱን ለማሳመን ጊዜ አይፈጅበትም።

ስልጆውን ገበቴ ላይ ገለበጠች። ጋኑን በግራዋ ፈተገችው፤ ውስጡ የነበረው ጥቁር ልባስ ተቀርፎ ወጣ። የፈላ ውሃ ደፋችበት። የወይራ ፍም አድርጋ አፉን በእርጥብ ጨርቅ አፍና አጠነችው። ቤቱ ደስ የሚል ጠረን ሞላው፤ እሷም ስንት ጊዜ ያልመጣላት ዘፈን መጣላትና አንጎራጎረች። በዚህ መካከል ድንቅነሽ ከደጅ "ፈትሌ! አለሽ?" ብላ ተጣራች።

ድንቅነሽ የግድግዳ ጎረቤቷ ናት፤ የልጅ ልጇን ከጀርባዋ የማታወርድ፣ ወሬም የማያመልጣት አሮጊት።

ፈትለወርቅ ክው አለች። ጢሱን በቀሚሷ እያርገበገበች "መጣሁ! ልብስ እየቀየርኩ ነው!" አለችና ስልጆውን አንስታ ጋኑ ውስጥ መልሳ ገለበጠችው፣ ክዳኑን ጫነችው፣ ጋቢውን አለበሰችው። ጋኑ ገና እጅ ያቃጥል ነበር። ወፍራም ሸክላ ደግሞ ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ይህን ታውቃለች፤ የዚያን ሰዓት ግን የታያት የድንቅነሽ ዓይን ብቻ ነበር።

ድንቅነሽ ሰፌድ ልትዋስ ነበር የመጣችው። ተውሳ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ፈትለወርቅ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጠፈች። ዝም። ጋቢውን ገልጣ እንደገና ለጠፈች። ዝም። በእጇ መታ መታ አደረገችው፣ "ኧረ በስመ አብ፣ ኧረ በናታችሁ" አለቻቸው። የባቄላ ዱቄት ጨመረች፣ ለብ ያለ የሱፍ ውሃ ጨመረች፣ ጠበቀች። ስልጆው እንደ ተቀቀለ ሽሮ ረግቶ ቁጭ ብሏል። ለባለተራ የሚሰጠውን መፈተኛ ወረቀት አወጣች፤ የወንዙ ውሃ ላይ ስልጆ ጠብ አድርጋ፣ ትንንሾቹ ይሠሩ ዘንድ ጊዜ ሰጥታ ወረቀቱን ነከረችው። ቡኒ ሆነ። ሌላ ነከረች። ቡኒ።

መሬት ላይ ቁጭ ብላ "ገደልኳቸው፣ ገደልኳቸው" እያለች ጭኗን መታች። ከጓዳ ምንታምር "እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" ስትላት "ምንም፣ ጣቴን ወጋኝ" አለቻት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ነጠላዋን ጣል አድርጋ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ጉልላት ቤት ሄደች። ጋሽ ጉልላት ጡረታ የወጣ የቦቴ ሹፌር ነው፤ ወደ ካምፑ ውሃ ሲያመላልስ ስለኖረ ካምፑን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ደጁ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየቦረሸ ነበር።

"ጋሼ፣ ጋኑ ዝም አለ።"

"ዝም አለ ማለት?"

"ሞተ።"

ብሩሹን አስቀመጠ። "ምን አደረግሽው?"

"አጠብኩት።"

"አጠብሽው?"

"አጠንኩትም።"

ጋሽ ጉልላት አያት፣ አያት፣ ከዚያ ሳይወድ ሳቅ አመለጠው። ደስታ የሌለበት ሳቅ ነበር። "ጉድ ነው! ስንቱን ጎርፍ፣ ስንቱን ድርቅ አልፎ በንጽህና ሞተ በይኛ!"

"ጋሼ፣ ይርገሙኝ፣ ይምቱኝ፤ ግን ምን ይሻላል?"

"ማን ያውቃል?"

"ማንም።"

"ምንታምርስ?"

"እሷም አታውቅም።"

ተነስቶ የውጭውን በር ዘጋ። ተመልሶ ሲቀመጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቦቴ ሲነዳ መንገድ እንደሚያስብ ሰው እየቆጠበ ተናገረ። "ነገ ይህ ነገር ከታወቀ ከካምፑ መኪና ይመጣል። ጋን የሌለው ሰፈር ይታሸጋል፤ ደንባቸው ነው። ሁላችንም ካምፕ እንገባለን፤ ሕፃኑም፣ ሽማግሌውም፣ ያቺም ልጅሽ። እዚያ ያለውን ውሃ እኔ ነበርኩ የማደርሰው፤ በቂ ሆኖ አያውቅም። ሰምተሻል? የላይ በር ሰፈር የራሱ ጋን አለው፤ ዳኛው አበልጄ ነው። ነገ ከሰዓት ሄጄ በድብቅ እርሾ እቀበለዋለሁ። እስኪይዝ ሁለት ሦስት ቀን ነው። ሁለት ሦስት ቀን ሰው አይገድልም።"

"እስከዚያ?"

"እስከዚያማ ታጎርሻለሽ።"

"የሞተውን?"

"የሞተውን።"

ፈትለወርቅ አፏን በነጠላዋ ያዘች። "ልጆቹስ?"

"ይችሉታል።" ይህን ሲል ጫማውን እያየ ነበር።

"ባለተራ ቀድማ ትቅመስ አይደል ደንቡ? ከነቤተሰቧ? ጋሼ፣ ምንታምር እርጉዝ ናት። ታማለች ልበልና ትቅር።"

"የታመመ ሰው ያለበት ቤት አያጎርስም። ሲስተር ቃልኪዳን ጋኑን ትፈትሻለች፤ አለቀ፣ ደቀቀ።"

"እንግዲያው እኔ አላጎርስም!"

"እሱም ያው ነው፤ ትፈትሻለች።" ጋሽ ጉልላት ወደ እሷ ጠጋ አለ። "ስሚኝ ልጄ። ያቺ ልጅ በየቀኑ ያስመልሳት የለም እንዴ? ሰው ሁሉ ያየዋል እኮ። ነገም ጎርሳ፣ ጠጥታ፣ ግንቡ ጀርባ ሄዳ ታወጣዋለች። ቶሎ ካወጣችው ከሆዷ አይውልም። በጣቷም ቢሆን ታወጣዋለች፤ አንቺ ተከትለሽ ሂጂ።"

ክፉ ሰው አልነበረም ጋሽ ጉልላት። ካምፑን ያየ ሰው ነበር። ፈትለወርቅም ይህን ስለምታውቅ ነው "እሺ" ያለችው። "እሺ" ብላ ወጣች፤ መንገድ ላይ ያገኟት ሁሉ "ትንንሾቹ እንዴት ዋሉ?" ሲሏት "ደህና ናቸው" አለች። ለስንቱ እንዳለች እሷም አታውቀው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሪውን እየገፋች ወደ አዳራሹ ስትሄድ ምንታምር በአንድ እጇ ወገቧን፣ በሌላው ጋሪውን ይዛ ከጎኗ ነበረች። ፈትለወርቅ የልጇን ፊት ታጠናለች። ገርጥቶ እንደሆነ፣ አቅለሽልሿት እንደሆነ። እናት ልጇን ያቅለሽልሻት ብላ ስትጸልይ ይኼ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ለምንታምር ልትነግራት አስባ ነበር፤ ግን ምንታምር ሆዷ ውስጥ ነገር የማይቀመጥ ልጅ ናት፤ ለአንዱ ትነግራለች፣ አንዱ ለሁሉ ነው። ተወችው።

ሰልፉ ሞልቷል። ድንቅነሽ እንደ ልማዷ ከፊት ናት፤ የልጅ ልጇ አንቀልባ ውስጥ ሆና አውራ ጣቷን ትጠባለች። ጋሽ ጉልላት ከጠረጴዛው ጎን ቆሟል፣ ጫማው ያብለጨልጫል። ሲስተር ቃልኪዳን ነጭ ጋዋኗን ቆልፋ ብርጭቆዎቹን ደረደረች፤ ከባልዲው ኩልል ያለውን ውሃ ቀዳችና እንደየቀኑ ጮክ ብላ ጠራች።

"ባለተራዋ ትቅመስ!"

ፈትለወርቅ ጠቀለለች፣ ጎረሰች። ጭስ ጭስ ይላል እንጂ ደህና ይጣፍጣል። ዋጠች፣ አፏን ከፍታ አሳየች፣ ብርጭቆውን ጨለጠችው። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ምንም ጣዕም የለውም። የራሷ ነገር አላሳሰባትም።

"ቤተሰብ!"

ምንታምር ፊቷን አጨፍግጋ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ሞቷን እንደምትቀበል ሰው ቀረበች። ፈትለወርቅ ክዳኑን አነሳች። ምንታምር ሽታው እስኪመጣ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

"እማዬ?" አለች። ጎንበስ ብላ አሸተተች። "ምን አደረግሽበት? የእርጎ ቅል የእርጎ ቅል ይላል እኮ!"

ፈትለወርቅ እንጀራ ቆረሰች። ጠቀለለች። "በሞቴ" ማለት ነበረባት፤ አላለችም። እጇን ብቻ ዘረጋች፤ ልጅቷም አፏን ከፍታ ተቀበለች፣ አላመጠች፣ ዋጠች፣ ከንፈሯን ላሰች።

"ድገሚኝ" አለች።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። "እሰይ! አማራት!" አለች ድንቅነሽ። "ድገሚያት እንጂ ፈትሌ፤ ደግሞ ለእርጉዝ ይሰሰታል?" ሲስተር ቃልኪዳን ራሷ ፈገግ አለች። ፈትለወርቅ ደገመች። ምንታምር ሁለተኛውንም ዋጠች። ግንቡን አላየችም፣ አፏን በእጇ አልያዘችም፤ ጉንጯ ቀልቷል፤ ስንት ቀን ያልታየባት ልጅነቷ ተመልሶ ፊቷ ላይ ቁጭ ብሏል። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ "ይኸው፣ አልተንቀሳቀሰብኝም፤ ወዶታል" አለች።

አታስመልስም። ፈትለወርቅ አየችው። ውሃው ከሆዷ ይውላል፤ ያድራልም።

ጋሽ ጉልላትን አየችው። እሱም ገብቶታል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ራሱን በጣም በቀስታ ወዘወዘ። አትናገሪ ነው የሚላት። ከኋላው ሰልፉ ይታያታል፦ የመብራት ሠራተኛው፣ መንታዎቹ፣ ሽማግሌዎቹ ባልና ሚስት፣ ሁሉም ቤት አላቸው፣ ሁሉም አፋቸውን ለመክፈት ይጠብቃሉ። ሲስተር ቃልኪዳን "ክፈቺ... ጎሽ" አለችና ብርጭቆውን አቀበለቻት።

ምንታምር ብርጭቆውን አነሳች። "እማዬ፣ በጤናሽ" አለች እየሳቀች፤ ወደ ከንፈሯ አስጠጋችው።

ፈትለወርቅ እጇ መቼ እንደተነሳ አታውቅም። ብርጭቆው የአዳራሹ ደረጃ ላይ ወድቆ ተንኮታኮተ፤ ውሃው የምንታምርን ቀሚስ አራሰው።

"አትጠጪ! አንቺ ልጅ አትጠጪ! ሞቷል!"

"ማን ሞተ?" አለ አንድ ሰው ከሰልፉ።

"ጋኑ! ጋኑ ሞቷል! እኔ ነኝ የገደልኩት፤ አጠብኩት፣ አጠንኩት፣ በትኩሱ መለስኩት። ማንም እንዳይጎርስ! ማንም እንዳይጠጣ!"

ሳቁ ያለበት ቀረ። ከሰልፉ አንዱ "ትቀልዳለች" አለ፤ ሌላው "ዝም በል" አለው። ሲስተር ቃልኪዳን ከስልጆው ቆንጥራ ከባልዲው የተቀዳ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨመረች። ጠበቀች። ሰፈሩም አብሯት ጠበቀ። መፈተኛ ወረቀቱን ነክራ አወጣችና ለሰው አሳየች፤ ቡኒ ነው። ሣጥኗን ዘጋች። ስልኳን ከማውጣቷ በፊት ግን ዞር ብላ ጠየቀች።

"ሌላ ማን ያውቅ ነበር?"

ጋሽ ጉልላት ጫማውን ያያል።

"እኔ ብቻ" አለች ፈትለወርቅ።

መኪናዎቹ በማግስቱ ረፋዱ ላይ መጡ። ግርግርም ጩኸትም አልነበረም። ጠባቂዎቹ በትህትና አነጋገሩ፤ አንድ ሰው አንድ ፍራሽና አንድ ሻንጣ መጫን ይችላል አሉ። ከዚያ በየበሩ እየዞሩ ማሸጊያ ለጠፉ። ወንዙ ከአጥሩ ማዶ እንደወትሮው ኩልል ብሎ ይፈሳል። ሰው አጎንብሶ እቃውን ይጭናል፤ ፈትለወርቅን ግን የሚያያት የለም። ሰላምታም፣ ስድብም የለም። ሲያልፉ ነጠላቸውን እንዳይነካት ሰብሰብ ያደርጋሉ። ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር። ጋሽ ጉልላት በአጠገቧ ሁለት ጊዜ አለፈ፤ በሁለተኛው ቆም አለና ሄደ። ምንታምር ፍራሹ ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። "ብትነግሪኝ ምን ነበር እማዬ? እኔ እኮ ሽታውን እለምደው ነበር" ትላለች፤ ደግማ ደግማ ትለዋለች።

ድንቅነሽ የመጣችው ሁሉም ከተጫነ በኋላ ነው። ልጅቷን አዝላ፣ በአንድ እጇ የተዋሰችውን ሰፌድ ይዛ ፈትለወርቅ ፊት ቆመች። ፈትለወርቅ ሰፌዱን አላየችውም። የድንቅነሽን ዓይን ነው ያየችው፤ ደረቅ ነው።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች ድንቅነሽ። "እውነቱን ትነግሪኛለሽ?"

"ጠይቂኝ።"

"ትናንት ከልጅሽ ቀጥሎ ተራው የኔ ነበር። የዚችም።" ወደ ጀርባዋ በአገጯ ጠቆመች። "ምንታምር ባትኖር ኖሮ፣ ደንቡም ባለተራ ትቅደም ባይል ኖሮ፣ ይችን ልጅ ታጎርሻት ነበር?"

ሰው ሁሉ እየሰማ ነበር። ፈትለወርቅ አላጎርሳትም ማለት ትችል ነበር፤ ማን ያውቅባታል? ከልቧ ብትፈልግ ራሷም ልታምነው ትችል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ግን ይህንኑ ስትጠይቅ ነው ያደረችው፤ መልሱንም አግኝታዋለች።

"አጎርሳት ነበር" አለች። "'በሞቴ' ብዬ አጎርሳት ነበር። ውሃውንም ስትጠጣ ዝም ብዬ አያት ነበር።"

ከመኪናው ላይ አንድ ሴት "ወይኔ!" አለች። ምንታምር ለቅሶዋን አቆመች። ድንቅነሽ ግን አልጮኸችም፤ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀምጣ አንቀልባውን ፈታች። ልጅቷ ተኝታ ነበር፤ ራሷ ወደ ኋላ ተንጋለለ። ድንቅነሽ ከነእንቅልፏ አንስታ ፈትለወርቅ እቅፍ ውስጥ አደረገቻት።

"እንግዲያው ይችንም ያንቺ አድርጊያት" አለች።

ፈትለወርቅ ተቀበለቻት። ትከብዳለች፤ ትሞቃለች፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳና ያልተሳፈረ ካለ እንዲሳፈር ተጣራ። ድንቅነሽ ቀድማ ወጥታ ፍራሾቹ መካከል ቦታ ያዘች፤ ፈትለወርቅም ልጅቷን እንዳትቀሰቅሳት በአንድ እጇ እየተደገፈች ተከትላት ወጣች።